ሆደ ዝርጉ ጀልባ

አባቴ የተወለደው አባያ ሐይቅ ዳር፣ ሾላ ሥር ነው። የአያቴ ሞተር ጀልባ እዚያው አጠገብ ቆሞ ነበር። ታዲያ ምጥ የያዛቸውን ሚስታቸውን ለምን አላሻገሩም? ይህን ጥያቄ ከልጅነቴ ጀምሮ አፍሬ ይዤው ኖርኩ። ዘንድሮ ወንድሜ ጀልባ ሊገዛ ተነሳና “የተማርሽው አንቺ ነሽ፣ ምረጪ” ብሎ የሁለት ጀልባ ፎቶ ሰጠኝ፤ አንዱ ሆዱ ዝርግ፣ ሌላው ጠለቅ ያለ ነው። ፎቶዎቹን ይዤ ሶዶ አያቴ ቤት ሄድኩ፤ ጥያቄዬንም አወጣሁት። እንዲህ አሉኝ፦

በእኛ ጊዜ፣ ልጄ፣ አባያን የሚሻገር ሰው ጭቃ ውስጥ ገብቶ ነው የሚሳፈረው። ዳሩ ጥልቀት የለውም፤ ጭቃ ነው፣ ቄጠማ ነው፣ አዞውም እዚያው ነው። ታዲያ እኔና ሸሪኬ ዳና ጀልባ ልናሠራ ስንል ተጣላን። እሱ ድምፁን እንደ ሰባኪ አድርጎ “ሆዱ ጠለቅ ይበል፣ ማዕበሉን ሰንጥቆ ይሄዳል” ይላል። እኔ ደግሞ ጠለቅ ያለውማ ጭቃው ላይ ይቀመጣል፣ ሴቶቹ ቦዬና ድንች ለገበያ ተሸክመው፣ ልጅ አዝለው ሊዋኙ ነው ወይ አልኩት። “ንፋስ ሲነሳ አንተ ትዋኛለህ” አለኝ። እና እኔ አሸነፍኩ፣ ሆደ ዝርግ አሠራን። አይ እሱ ጀልባ! ጉልበት በማይሞላ ውሃ ይገባል፤ ሞተሩን ብድግ ታደርጊና በእንጨት እየገፋሽ ቄጠማው ውስጥ ሰተት። ሴቶቹ ቀሚሳቸው ሳይረጥብ ይወርዱ ነበር። መረቁኝ፣ እኔም ኮራሁ።

ግን ከሰዓት በኋላ አባያ ሌላ ነው፣ ትሰሚያለሽ? ንፋሱ ሲነሳ ሆደ ዝርግ ውሃውን አይሰነጥቅም፣ ይመታዋል። ጧ፣ ጧ፣ ጥርስሽ ይጋጫል፣ ውሃው በጎን ይገባል። እና በሁለቱም ዳር እንጨት ተክለን ጨርቅ አሰርንበት። ንፋስ ጨርቁን ከዘረጋው ማንም አይነሳም። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ታዲያ አያትሽ ማዶ እናቷ ዘንድ ሰንብታ ከዳና ጋር ላመጣት ሄድኩ። ጀልባው ጋ ስንደርስ ቀኗ ሳይደርስ ምጧ መጣ። ቀና ብል ጨርቁ ተዘርግቷል። ሊሸኟት የመጡት እናቷ “ሞተር አለህ አይደል? ሶዶ ሐኪም ጋ አድርሳት እንጂ፣ ምን ይገትርሃል?” ይሉኛል። ዳና ጨርቁን ያያል። እሱ በፈለገው ዓይነት ጀልባ እንሻገር ነበር፤ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። እና ሕጌን ጥሼ አሳፈርኳት። ማዕበሉ አንድ ጊዜ መታን፣ ጮኸች፣ መለስኳት። አባትሽ ሾላው ሥር ተወለደ። በማግስቱ ጠዋት ውሃው ረግቶ ሁለቱን አሻገርኳቸው፤ እግሯን ውሃ አልነካውም። ወዲህ ስንደርስ ዳና ሞተሩን አጠፋ። ከዚያ “እኔ ባልኩት ጀልባ ትናንት እንሻገር ነበር፤ ግን በዚያ ምጥ ጭቃውን አቋርጣ እንዴት ትሳፈር ነበር?” አለኝ። ሰዎች “ፈርቶ ነው” ይሉኛል። አዎ፣ ፈርቻለሁ።

“አሁን ቢሆንስ አባባ፣ የትኛውን ይመርጡ ነበር?” አልኳቸው።

ሳቁ። “አሁንም ዝርጉን። ግን ሾላው ሥር አንድ ቤት እሠራ ነበር፤ ያን ማታ ዝናብ ሲወርድብን ነው ያደረው።”

ለወንድሜ ደውዬ ሆደ ዝርጉን ግዛ፣ ቆርቆሮና ምስማሩን እኔ እገዛለሁ አልኩት።

“ጀልባ ቆርቆሮ ምን ያደርግለታል?” አለ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ንፋሱ ሳይነሳ፣ ቆርቆሮውን ጭነን ማዶ ሾላው ጋ ትወስደኛለህ አልኩት።