የመጨረሻው ክፍል ሙሽሮች

ከመገናኛ ወደ ቦሌ አራብሳ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አዛውንት ፌስታል ሙሉ የቪዲዮ ካሴት ታቅፈዋል። አጠገባቸው ያለችው ሴት አላስቻላትም።

«አባባ፣ ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?»

«ያ የድሮ ተከታታይ ድራማ ነዋ! ከቴሌቪዥን እየቀዳሁ የሰበሰብኩት።»

«ሙሉውን?»

«የመጨረሻው ክፍል ሲቀር። እሱን ገና ሳላየው ጎረቤቴ ካሴቱን ተውሶ የራሱን ሰርግ ቀዳበት።»

«ውይ! መጨረሻውን ሳያዩት ቀሩ?»

«ለምን እቀራለሁ? ሰርጉን አያለሁ። ያቺ በድራማው ስትሰቃይ የኖረች ልጅ በመጨረሻ ጎረቤቴን አገባች ብዬ ተቀብያለሁ።»

«ታዲያ አሁን ወዴት ነው?»

«ሽምግልና። ባልና ሚስቱ ሊፋቱ ነው አሉ።»

«ጠርተውዎት ነው?»

«ማን ይጠራኛል! ስንት ዓመት የለፋሁበት ድራማ በፍቺ ሲያልቅ ዝም ብዬ ልይ?»

«ሽማግሌ እኮ ብቻውን አይሄድም፤ ቢያንስ ሦስት መሆን አለባችሁ።»

«አንቺ ድራማውን አይተሽዋል?»

«በደንብ! የመጨረሻው ቀን ብቻ መብራት ጠፋብን።»

«በቃ፣ ሁለት ሆንን። ወራጅ አለ!»

የዚያን ቀን እኛም ሰፈር መብራት ጠፍቶ ነበርና፣ ፌርማታዬ ገና ቢሆንም ተከትያቸው ወረድኩ።