አሻ የጠጣችው የአበባ መድኃኒት

ልጆቼ፣ ጎረቤቴ አሻ፣ ልጇ ባምባሲ ተድራ ስትሄድ አደራ ያለቻትን የሳሎን አበባ ታቅፋ መጣች። ቅጠሉን ነጫጭ ተባይ ወርሮታል። "ይኼ ከሞተ ልጄ አታናግረኝም" አለችኝ። ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ ወቅጬ፣ በውሃ በጥብጬ በጠርሙስ ሰጠኋት። "ሳሙና ጨምሪበትና ጠዋት ጠዋት አጠጪው" አልኳት። አሻ አፏን የፈታችው በበርታ ቋንቋ ነው፤ ምናለ ቅጠሉ ላይ እርጪው ብላት!

በሦስተኛው ቀን ዓይኗ እንባ አቅርሮ ተመለሰች። "እማማ፣ ወላሂ ያቃጥላል! እየጠጣሁ አበባው ላይ እፍ እላለሁ፣ ተባዩ አልሞተም።"

"ጠጣሽው?" ክው አልኩ። "ሳሙናውንስ?"

"ሳሙና ይጠጣል እንዴ? ልብስ አጠብኩበት።"

ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። የቀረው ላይ ሳሙና ጨምረን አብረን ረጨነው፤ አበባው ዳነ። አሻም ጉንፋን በያዛት ቁጥር ጠርሙሷን ይዛ ትመጣለች፤ "ያለ ሳሙና ይሁን" እያለች።