ጥያቄ የሌለበት ማመልከቻ

ሶሬቲ እስክሪብቶ ካነሳች ስርዝ ድልዝ ሳታበዛ፣ ቀና ብላ እንኳ ሳታይ አራት ገጽ እንደምትሞላ ላፍቶ ውስጥ ያልሰማ የለም፤ ያልሰማ ካለም ራሷ ትነግረዋለች። «ረቂቅ የሚያስፈልገው የሚጽፈው ነገር ለሌለው ሰው ነው» ትላለች። ይህን የምትለው ሰባተኛ ክፍልን ሳትጨርስ ያቋረጠች የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ መሆኗን እያወቁ ዝም ብሎ መስማት ትዕግሥት ይጠይቃል።

መስከረም 1988 ዓ.ም.፣ ምዝገባው በሚዘጋበት ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ለትምህርት ቤቱ የጻፈችው አራት ገጽ ማመልከቻ ተመልሶ እጇ ገብቶ ነበር። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ወይዘሮ ገበያነሽ አገላብጠው አዩትና፣ «የምትፈልጊው ነገር አልገባኝም። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አስተካክለሽ ካላመጣሽ የከርሞ ሰው ነሽ» ብለው መለሱላት። አንድ ዓመት አልፏታል። ሁለተኛው ከደገማት በዚያው መቅረቷ እንደሆነ ታውቀዋለች።

ጭቃው ጫማዋን እየጎተተ፣ ነፋስ ስልክ ካለው ቀበሌ በር ላይ ስትደርስ እግሯ እምቢ አላት። እዚያ ጃንጥላ ሥር፣ ጉልበታቸው ላይ ጣውላ አጋድመው ለሰው ማመልከቻ የሚጽፉ ጋሽ ገብረ መድኅን የሚባሉ ሽማግሌ አሉ። አጠገባቸው ድንጋይ ላይ ዘጭ አለች።

«አመመሽ እንዴ፣ ልጄ?»

«ደክሞኝ ነው፣ ጋሼ። ማንበብ የማይችል ሰው ቢሮ ውስጥ አስቀምጠው አደከሙኝ።»

«እስቲ ምን ብለሽ ነው? የለም፣ የለም፣ አንቺው አንብቢልኝ፤ ዓይኔም እንዳንቺ ደክሞታል። ጮክ በይ።»

አነበበች። አንደኛው ገጽ ሰላምታ ነው፤ ለዳይሬክተሩ፣ ለመምህራኑ፣ ለዘበኛው ሳይቀር። ሁለተኛው ላይ የዕድል ጥቁር ደመና ወረደ። ሦስተኛው ላይ እንባዋ ላፍቶን አጥለቀለቀ። አራተኛው ላይ እሷ ትንፋሽ አጠራት፣ ጋሽ ገብረ መድኅን ደግሞ አዛጉ።

«ክሽን ያለ ነው» አሉ። «ጥያቄው የታለ?»

«የምን ጥያቄ?»

«ዳይሬክተሩ ምን ያድርጉልሽ?»

ሶሬቲ ከፊት ፈለገች፣ ከኋላ ፈለገች። «ትምህርት ቤት መልሱኝ» የሚል አንድ ቃል የለም። ጆሮዋ ጋለ፤ አፏ ግን አልተሸነፈም።

«ይህን ሁሉ ያነበበ ሰው ይህን ማወቅ ያቅተዋል?»

«ልጄ፣ እዚህ ቦታ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የሚያነበው ሰውዬ ፊቱ ላይ ሌላ ክምር አለ። እሱም ደክሞታል። የምትፈልጊውን አስቀድመሽ ንገሪው።»

«ሰላምታ ሳላበዛ ብገባ ባለጌ አይሉኝም?»

«አንድ መስመር ይበቃል። ዘበኛውን በሩ ላይ ስታገኚው ሰላም ትይዋለሽ።»

ካላቸው ፉልስካፕ ወረቀት አንድ ሰጧትና ጻፈች። አስነበቧት። ግማሽ መንገድ ላይ አስቆሟት።

«ይኼ ጥቁር ደመና ምንድን ነው? መጥቶ ምን አደረገሽ?»

የሶሬቲ ድምፅ ቀነሰ። እሷ ድምፅ ስትቀንስ ሰምተው የማያውቁ ሰዎች እዚያ ቢኖሩ ሐኪም ይጠሩ ነበር።

«እናቴ እግሯን ተሰብራ» አለች፣ «ዓመቱን ሙሉ ወተት ያዞርኩት እኔ ነኝ። ከላፍቶ እስከዚህ፣ አሥራ አራት ቤት።»

«ታዲያ ይህን የመሰለ ነገር ትተሽ?»

«ሁለቱ የክፍል ጓደኞቼ ቤት ናቸው፣ ጋሼ። እንዳያዩኝ በጓሮ በር ነበር የምገባው።»

ሽማግሌው እስክሪብቷቸውን ከደኑ። «ይኸውልሽ፤ እሱን ጻፊ። ደመናውን አውጪው።»

«ደመናው እኮ ነው የሚያምረው!»

«ወተቱን ልትሸፍኚበት ነዋ ያሳመርሽው።»

«እሺ፣ ስንት ጊዜ ነው የሚጻፈው?»

«የሚያነበው ሰው እስኪገባው።»

«እርስዎም ይሰርዛሉ?»

ከጣውላው ሥር አንድ ወረቀት መዝዘው አሳዩዋት። የጠዋት ሥራቸው ነው። መስመሩ ሁሉ ተሰርዞ ሁለቱ ብቻ ተርፈዋል። ሶሬቲ ረጅም ጊዜ አየችው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጻፈ ሰው ይህን ያህል ከሰረዘ የእሷ ንጹሕ አራት ገጽ ምን እንደሆነ ገባት፤ ማንም ሁለተኛ ጊዜ ያላየው ወረቀት ነው።

መጻፍ ለሚያምራችሁ ሁሉ ጥቅሙን ልንገራችሁ፤ እሷ በዚያ ድንጋይ ላይ ወገቧ እስኪቆረጥ ተቀምጣ ያገኘችው ነው። ጮክ ብላችሁ ስታነቡ የተዋሳችሁት ቃል ከአፋችሁ አልወጣ ይላል። የምትፈልጉትን አስቀድማችሁ ስትጽፉ መፈለጋችሁን እናንተም ታውቁታላችሁ። ያፈራችሁበትን ነገር ስትጽፉት ግን እጅ ይከብዳል፤ ማረፍ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሦስተኛው ጽሑፍ ግማሽ ገጽ ሆነ። ወተቱም፣ አሥራ አራቱ ቤትም፣ የጓሮ በሩም ገብተዋል።

«እውነትዎን ነው፣ ጋሼ» አለች ተነሥታ። ይህን ቃል ለማንም ብላ አታውቅም።

ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲል ትምህርት ቤቱ ደረሰች። ወይዘሮ ገበያነሽ እንደቆሙ አንብበው ወደ ዳይሬክተሩ ገቡ፤ ሲመለሱ ወረቀቱ ላይ ፊርማ ነበረበት።

«ተፈቅዶልሻል።»

ያን ሁሉ ድካም ረስታ፣ «እትዬ፣ አጻጻፌስ እንዴት ነው? ሦስት ጊዜ ነው የጻፍኩት! አንድ ቀን መጽሐፍ አሳትሜ ለእርስዎ...» ማለት ጀመረች።

«ገባኝ፤ አለቀ» አሉ ወይዘሮ ገበያነሽ፣ መሳቢያቸውን እየቆለፉ። «ክፍሉ ወንበር የለውም። ሰኞ መቀመጫሽን ተሸክመሽ ነይ።»