የደከመውን ሞት ለሣሉት መምህሬ

የተከበሩ ቄስ፣ የተከበራችሁ የመዳብ ቀራጮችና አታሚዎች፣ የሰፈራችን አባቶችና እናቶች፤ በዚህ ዝናብ ጭቃ ላይ ቆማችሁ መምህሬን አምብሮዝ ፔልክን ለምትሸኙ ሁሉ፣ የሚያመሰግንላቸው ዘመድ ስለሌላቸው እኔ አመሰግናለሁ። ጆብ ሬድሾ እባላለሁ። ከሰሜን ጠረፍ መጥቼ ስድስት ዓመት ከጠረጴዛቸው አጠገብ ሠርቻለሁ።

ማንን ነው የምንቀብረው? ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሞትን በመዳብ ላይ እየቀረጹ፣ በወረቀት እያሳተሙ የሣሉትን ሰው ነው። ሞት ከዳኛው ጋር እራት ሲበላ። ሞት የሐኪሙን ቦርሳ ተሸክሞ ሲከተል። ሞት የሙሽራዋን ጫማ ሲያስር። በሥዕል ሻጯ በወይዘሮ ታቢታ ክሮስቢ ሱቅ መስኮት ፊት ተጋፍቶ ያላየ ከመካከላችሁ ማን ነው?

ሌሎች ሞትን ጨካኝ አድርገው ሣሉት። እርሳቸው ግን ደክሞት ሣሉት። ጉልበቱን ያሻል። ደረጃ መካከል ተቀምጦ ያርፋል። ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ጠየቅኋቸው።

«አንተ ልጅ» አሉኝ፣ «ከአቤል ጀምሮ የሰው ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ የኖረ ነው። አንተ ብትሆን እግርህን አያምህም?»

ጌታው ጋድስቢ፣ ቢራ ጠማቂያችን፣ እዚያ ቆመው አይዎታለሁ። ያን ቀን ያስታውሱታል? ሞት በርሜልዎ ላይ ተቀምጦ ሲጠጣ የሚያሳየውን ሥዕል ጨብጠው ወደ ሥራ ቤታችን ገቡ።

«አንተ አጥንት ነጋዴ! ይሄ ከሲታ በርሜሌ ላይ ምን ይሠራል?»

መምህሬ ከሥራቸው ቀና ሳይሉ፣ «ደክሞት ነው፣ ጌታው። ወንበር ቢሰጡት ይነሣል።»

«የሚጠጣውስ የማንን ነው?»

«የርስዎን ነዋ!»

«እንግዲያው ስሜን በርሜሉ ላይ በትልቁ ጻፍልኝ፤ ሰው የዚያ የጎረቤቴ አተላ እንዳይመስለው!»

ይሣቁ፣ ጌታው። እርሳቸውም ቢሰሙ ደስ ይላቸው ነበር።

ከዚያ ግን ያ ክረምት መጣ። ባለቤታቸውን እመት ዶርካስን እዚሁ፣ ከዚህ ጉድጓድ አጠገብ ቀበርናቸው። በሳምንቱ መምህሬ መዳቡ ፊት ተቀመጡ። አንድ ቀን። ሁለት ቀን። ሦስት ቀን። የተወለወለው መዳብ ባዶውን ዋለ። በአራተኛው ቀን መቅረጫውን ወደ እኔ ገፉት።

«ጆብ፣ አንተ ሣለው። እኔና እሱ ተኳርፈናል።»

ሣልሁት። እንግዲህ ስሙኝ፤ ይህን ለመናገር ነው የቆምሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ ስማቸውን ይዘው የወጡት ዐሥራ አንድ ሥዕሎች የእርሳቸው አይደሉም። የእኔ ናቸው። ሲታተም እንዲቃና በመዳብ ላይ ስም የሚቀረጸው ተገልብጦ ነው፤ እጄም ከራሴ ስም ይልቅ የእርሳቸውን መገልበጥ ለመደ። «ዘንድሮ ፔልክ ብሶበታል፤ ሞቱ እኮ ይሥቃል!» ስትሉ ከመስኮቱ ወዲህ ሆኜ ሰማኋችሁ። አዎን፣ ይሥቃል። መምህሬ አንድም ቀን አሥቀውት አያውቁም። የመጀመሪያውን ሥዕሌን አይተው «ጥርሱ በዛ» አሉኝ። ሞትን የሚያሥቀው ያላወቀው ሰው ነው። እኔ ያኔ የራሴ የምለውን ሰው ገና አልቀበርሁም ነበር።

ዛሬ ጠዋት ወይዘሮ ክሮስቢ ጠሩኝ። «ልጄ፣ የሚሸጠው ስሙ ነው። አንተ ቅረጽ፣ የሱን ስም ጻፍበት። ከቤቴ ሰገነት ከምትኖርበት ክፍልም የሚያስወጣህ የለም። ማን ያውቃል?» አሉኝ።

እመቤቴ፣ ክፉ እንዳላሰቡ አውቃለሁ። ስንት ሰው ከዚያ ሱቅ ይበላል። እኔም ሌላ መጠጊያ የለኝም፤ አገሬ የዐሥራ አራት ቀን የእግር መንገድ ነው። እውነቱን ልንገርዎ፤ እስከዚህ ጉድጓድ ድረስ የመጣሁት እሺ ልልዎ ነበር። ሳጥኑ ሲወርድ ግን አፌ አልታዘዝልኝ አለ። ሠላሳ ዓመት የሠራን ሰው ቀብረን፣ በማግስቱ ደግሞ ና ሥራ ልንለው ነው? በቃ፤ ደክሟቸዋል። እኔንም ደክሞኛል። እምቢ ብያለሁ፣ እመቤቴ። ክፍሉን ከፈለጉት ዛሬውኑ እለቃለሁ።

መምህሬ፣ ስምዎን ሳይፈቅዱልኝ አልወሰድሁም፤ ነገር ግን አብዝቼ ያዝሁት። እነሆ፣ በእነዚህ ሁሉ ሰዎች ፊት መለስሁልዎ። ከእመት ዶርካስ አጠገብ ይዘውት ይተኙ። ነገ ማንም ለሥራ አይቀሰቅስዎትም።