የሐያት ዜሮ

መርካቶ ውስጥ ሦስተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። አንድ ቀን ተማሪዎቼን «ነገ አበባ ይዛችሁ ኑ» አልኳቸው። ሐያት በርበሬ በረንዳ ካለው ከአባቷ ሱቅ አንዲት ቅርንፉድ አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። «ይሄማ ቅመም ነው» አልኳት። «አበባ ነው ቲቸር፤ አባባ ነግሮኛል።» ክፍሉ ሳቀ። እኔም እየሳቅሁ ዜሮ ሰጠኋት። እሷ አልሳቀችም።

በማግስቱ ቅርንፉዷን ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋ በብርጭቆ ይዛ መጣች። የራሰውን ጫፍ በጥፍሯ ስትገልጠው ትንንሽ የአበባ ቅጠሎች ተከፈቱ፤ ከሥራቸውም ክር የመሰሉ የአበባው ወንዴ ክፍሎች ብቅ አሉ። የአበባን ክፍሎች በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እስላለሁ፤ ሻይ ውስጥ ስጨምረው የኖርኩትን ግን አንድም ቀን ልብ ብዬ አላየሁትም። ዜሮውን ሰርዤ አሥር ጻፍኩ።

«አባባ ደግሞ ‹ቲቸርሽ ቅዳሜ ሱቅ ይምጡ፣ የቀረውንም አስተምራቸዋለሁ› ብሏል» አለችኝ።

ሄድኩ።