ጥም ያላየች ቡና

በዲላ ከተማና በዙሪያዋ የምትኖሩ ሁሉ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! በጡረተኛው በአቶ ሀብተ ጊዮርጊስ መስኮት ሥር የቆመችው አንዲት ቡና ዘንድሮም አላበበችም።

ቡና እንደ ሣር በሚበቅልበት አገር ይህ ምን አዋጅ ያስነግራል የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ይህቺ ቡና ተለቅማ አታውቅም። ባለቤታቸው ወይዘሮ የትምወርቅ የተከሏት ለሽታዋ ነበር። በየዓመቱ የበልግ ዝናብ ጥሎ ቅርንጫፎቿ ነጭ ሲለብሱ፣ ባልና ሚስት ሁለት ወንበር አውጥተው አበባው እስኪረግፍ ሦስት ቀን ሙሉ ያሸቱ ነበር። የትምወርቅ ሊያርፉ ሲሉ «ቡናዬን አደራ» አሉ። አቶ ሀብተ ጊዮርጊስም አደራውን እንደ መንግሥት ሥራ ያዙት፤ ጧት አንድ ባልዲ፣ ማታ አንድ ባልዲ። ሥሯንም እንደ ሳሎን ወለል እስኪያብረቀርቅ በየማለዳው ይጠርጋሉ። እነሆ ሦስት ዓመት፤ አንዲት አበባ የለም። ጎረቤት «ቡናዪቱ ሐዘን ላይ ናት» ይላል። እሳቸውም ማመን ጀምረዋል።

በ1959 ዓ.ም. ታኅሣሥ አንድ ቀን፣ ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው የጪጩ ቀበሌ ገበሬ ልጅ የሆነችው መምህርት ዘነቡ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ነፋስ የያዘችውን የፈተና ወረቀት መንጥቆ ከአጥር ውስጥ ጣለው። ልታነሣ ስትገባ አዛውንቱን ከነባልዲያቸው አገኘቻቸው።

«ጋሼ፣ በታኅሣሥ ቡና ያጠጣሉ?»

«በታኅሣሥ አይጠማትም ያለሽ ማነው?»

«ይጠማታል እንጂ! እንዲጠማት አይደል ታኅሣሥ የተፈጠረው?»

«አንቺ ልጅ፣ አደራ የተቀበልኳትን በውኃ ጥም ልግደል? ነገ በሰማይ የትምወርቅ ፊት ምን ብዬ ልቆም ነው?»

«ቡናሽን ሳታብብ ያስቀረኋት እኔ ነኝ ብለው ነዋ!» አለችና በአፏ ድፍረት ራሷ ደነገጠች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች፦ «ይቅርታ ጋሼ። እምቡጧ በበጋ ይተኛል። ደረቁ ወር ያስተኛዋል፣ የመጀመሪያው ዝናብ ይቀሰቅሰዋል። እርስዎ ግን በቀን ሁለት ጊዜ ይቀሰቅሷታል። መቼ ተኝታ መቼ ታልም?»

አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ ባልዲውን አስቀመጡ። ቡና ያልማል ብሎ የነገራቸው ሰው አልነበረም።

ዓይኗ ከቡናዋ ሥር ወደ ተጠረገው መሬት ሲሄድ አይተው፦ «መጥረጉስ? ንጽሕናም ተጠላ?» አሉ።

«የቡና ሥር ላይ ላዩን ነው የሚሄደው። አባቴ ቅጠል የመሬት ጋቢ ነው ይላል። እርስዎ በየማለዳው ጋቢዋን ገፈው ፀሐይ ላይ ያቆሟታል። ደግሞ አጠገቧ እንሰት ይትከሉላት፤ ዋንዛ ተክለው እስኪያድግ ጥላ ይሆናታል።»

«አባትሽ ተምሯል?»

«አልተማረም። እኔ አሥር ዓመት ተምሬ የደረስኩት እሱ ከቆመበት ነው።»

መማር ማለት አንዳንዴ ረጅም መንገድ ዞሮ ቤት መግባት ነው። አዛውንቱ ይህን ባይቀበሉም ባልዲውን ሰቀሉት።

ጥር ከባድ ሆነ። ቅጠሎቿ ተጠወለጉ። አንድ ቀን አላስችል ብሏቸው ባልዲ ሙሉ ውኃ ይዘው ሦስት እርምጃ ሄዱና፣ ቆም ብለው አሰቡና፣ እግራቸውን ታጥበውበት ተመለሱ። በማዘጋጃ ቤት ጸሐፊነታቸው ዘመን በግቢው ቅጠል የተገኘበት ሁሉ እንዲቀጣ ደንብ የጻፉት ሰውዬ፣ አሁን ጆንያ ይዘው ከጎረቤት ጎረቤት ደረቅ ቅጠል ሲለምኑ ታዩ።

የካቲት አጋማሽ ላይ ዝናቡ መጣ። በዘጠነኛው ቀን ጧት አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ በሕልማቸው አንድ የሚያውቁት ሽታ ሸተታቸው፤ ነቅተውም ሽታው አልሄደም። መስኮቱን ከፈቱ። ደመና ወርዶ ቅርንጫፍ ላይ ያረፈ ይመስላል፤ ንቦቹ እንደ ሩቅ ማሕሌት ያዜማሉ። ከአጥሩ ማዶ ኮረብታው ሁሉ በአንድ ሌሊት ተማክሮ ነጭ ለብሷል። የእሳቸዋ ቡና ከሦስት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከማኅበሩ አልቀረችም።

ረፋዱ ላይ የማዘጋጃ ቤቱ ዘበኛ ይርጉ ሽታው ስቦት ገባ፤ ዘነቡም ተከትላ። ይርጉ የተከመረውን ቅጠል አይቶ ዓይኑ ፈጠጠ።

«ጌታዬ! ደንቡን የጻፉት እርስዎ አይደሉም እንዴ? ይህ ሁሉ ጉድፍ ምንድን ነው?»

«ጉድፍ አትበል! ጋቢ ነው!» አሉ አዛውንቱ፤ ከዚያማ ማን ያስቁማቸው። ቅጠል እርጥበት እንደሚይዝ፣ በስብሶ ፍግ እንደሚሆን፣ አረም እንደሚያፍን፤ ጥላ ቡናን ከሐሩር እንደሚጠብቅ፤ ዝናብ እስኪመጣ መታገሥ እንደ ማጠጣት ያለ ሥራ እንደሆነ፣ ሁሉንም ራሳቸው እንደ ደረሱበት አድርገው አስረዱ። ዘነቡ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠች። ይርጉም «ደንቡ ይሻሻል እንግዲህ» ብሎ እጅ ሰጠ።

ከመስኮቱ ሥር ግን ሁለት ወንበር ወጥቶ ነበር። አንዱ ላይ አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ ተቀምጠዋል። ይርጉ ደክሞት ወደ ሌላው ሲጠጋ እጃቸውን ዘርግተው ከለከሉት።

«ለማን ነው ጌታዬ? እንግዳ ይጠብቃሉ?»

«አልናገርም።»