የጥላዬ ሁለተኛ በር

(መሐል ሜዳ፣ ውርጭ ያረፈበት የኅዳር ጠዋት። በር ሠሪው ጥላዬ ከስድስት ዓመት በፊት በተዋት በቀድሞ ሚስቱ በበለጥሻቸው ደጃፍ፣ ከነባሩ በር ውጭ ነፋስ የሚመልስ ሁለተኛ በር እየገጠመ ነው።)

በለጥሻቸው፦ ማጠፊያውን በቀኝ አድርገው አልኩህ! እኔ የምወጣው በዚያ በኩል ነው።

ጥላዬ፦ ነፋሱ ደግሞ የሚመጣው በግራ ነው። ማጠፊያው በነፋሱ በኩል ካልሆነ፣ ገና ስትከፍቺው ነጥቆሽ ከግድግዳ ጋር ያላጋዋል።

በለጥሻቸው፦ ስለ ማላጋት አንተ ካላወቅክ ማን ያውቃል! ስትወጣ ያላጋኸው ይሄኛው በር እስከ ዛሬ አልገጠመልኝም።

ጥላዬ፦ አየሁት። ከሥሩ ጣት ያስገባል።

በለጥሻቸው፦ ጣት? ድመት ነው እንጂ! ለመሆኑ እኔ ወደ ወርክሾፕህ የላክሁት “ሠራተኛ ስደዱልኝ” ብዬ ነው። ጌታው ራሳቸው ይድከሙ አላልኩም።

ጥላዬ፦ ሠራተኞቹ ሥራ በዝቶባቸው ነው።

በለጥሻቸው፦ አዎ፤ ሦስቱም አጥር ተደግፈው ፀሐይ ሲሞቁ አይቻቸዋለሁ። ከባድ ሥራ ነው።

ጥላዬ፦ ውሃ ልኩን አቀብይኝ። ይሄ ግድግዳሽ ተጣሟል።

በለጥሻቸው፦ ማን ሠራውና?

ጥላዬ፦ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ።

በለጥሻቸው፦ ወረቀቱንማ ፍርድ ቤት ሰጥቶኛል። ሞኙን ነው የለቀቅኩት።

ጥላዬ፦ እሺ... እናቴ እንዴት አደረች?

በለጥሻቸው፦ ስታስል። ውርጩ በበሩ ሥር ገብቶ አልጋዋ ድረስ ይዘልቃል። በጆንያ እወትፋለሁ፤ ነፋሱ መልሶ ያወጣዋል።

ጥላዬ፦ እኔ ቤት ትምጣ ብዬ ሰው ልኬ ነበር።

በለጥሻቸው፦ ነገርኳት። “ልጄን ትቼ የት እሄዳለሁ?” አለች።

ጥላዬ፦ ልጇ እኮ እኔ ነኝ!

በለጥሻቸው፦ እሱን ለእሷ አስረዳት። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም፤ ልጅም ሆኖ ከብርድ አላስጣለም።

ጥላዬ፦ ይኸው አስጣልኩ። ዙሪያውን ጎማ አልብሼዋለሁ። እስቲ ዝጊው።

በለጥሻቸው፦ ...ጸጥ አለ። የጣሪያው ቆርቆሮ ብቻ ነው የሚሰማው።

ጥላዬ፦ ምስጋና ካለ እቀበላለሁ።

በለጥሻቸው፦ ቆይ። መቃኑ ላይ ልክክ ያለው እንዴት ነው? ሜትር ስትዘረጋ አላየሁህም።

ጥላዬ፦ ልኩን አውቀዋለሁ።

በለጥሻቸው፦ እንጨቱስ? አዲስ ጣውላ ነጭ ነው፤ ይሄ ጠቁሯል።

ጥላዬ፦ ...ከዚህ በወጣሁ በዓመቱ ነው የሠራሁት።

በለጥሻቸው፦ ምን?

ጥላዬ፦ እናቴ ታስላለች ሲሉ ሰማሁ። ሁለት ጊዜ በጋሪ ጭኜ እስከ ገበያው ድረስ አምጥቼ መለስኩት። ምን ብዬ ላንኳኳ?

በለጥሻቸው፦ “ብርድ መጣ” ብለህ ነዋ! አምስት ዓመት ሙሉ እናትህ ስታስል በሩ አንተ ዘንድ ቆሞ ነበር? ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ!

ጥላዬ፦ አፈርኩ፤ አንቺንም እሷንም። በይ ዕቃዬን ልሰብስብና ልሂድ።

በለጥሻቸው፦ ዕቃህን አስቀምጥ። ለእኔ የነገርከኝን ገብተህ ለእሷ ንገራት። ተጠግተህ ተቀመጥ፤ ከሰኔ ወዲህ ዓይኗ አያይም፣ በድምፅህ ነው የምታውቅህ።